የግራ እግር ጫማ

ቆቦ ገበያ ለልጄ ጫማ ስመርጥ የአዲስ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ያ የድሮ ንዴት ተነሳብኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ የነበረው ወንድሜ አሊ ግራ እግሩን ጦር ሜዳ ትቶ ተመለሰ። ቀበሌው ለቁስለኞች ጫማ ያድላል ሲባል እናቴ ሄደች። አንድ ሸራ ጫማ ሰጧት፤ የግራ እግር።

"ወላሂ፣ ለልጄ የቀረው ቀኙ ነው!" ብትላቸው ሊቀመንበሩ፣ "ጫማ ጫማ ነው! አሻራሽን አድርጊና ውጪ" አላት።

አሊ ጫማውን አዞረው፣ ገለበጠው። እኔም ሞከርኩ። ፊቱን ወደ ኋላ ብናዞረው፣ ሶሉን ወደ ላይ ብናደርገው ያው ግራ ነው። በመጨረሻ የመላጫውን መስታወት ከአሊ ቀኝ እግር ፊት መሬት ላይ አቁሜ ሳይ ደነገጥኩ።

"አሊ! እዚህ ውስጥ ያለው እግርህ ግራ ነው!"

ጎንበስ ብሎ አየ። አልሳቀም።

"እንግዲያው ጫማው የዚያኛው ሰውዬ ነው" አለ። "ለጦርነት ሲጠሩም እሱ ይሂድላቸው።"

ያኔ ግማሹ እንኳ አልገባኝም። እናቴ ግን ጫማውን ይዛ ሄዳ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው። ሁለት ቀን አሰሯት። አሊም እስኪሞት በዚያች በአንዷ እግሩ ጫማ ሳያደርግ ኖረ።

"ምነው እህቴ፣ ዋጋው በዛብሽ?" አለኝ ባለሱቁ።

"አይደለም" አልኩት። እስከ ዛሬ አንድም ሰው ይቅርታ አላለንም።