«ለልጆች» የተባለው ሱዶኩ

ሐዋሳ ሳለሁ ለመሥሪያ ቤታችን መጽሔት ሱዶኩ የሚባለውን ባዶ ሳጥኖችን በቁጥር የመሙላት ጨዋታ በኮምፒዩተር የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ይደረድራል፤ ቀላል ወይም ከባድ ብሎ ደረጃም ይሰጣል። አለቃችን ቀላሉን በሰው ፊት ሞልተው መኩራራት ይወዱ ነበር። በግምገማ ላይ ግን «ማሽኑ ይሠራል፤ እሷ በልጆች ጨዋታ ደመወዝ ትበላለች» ብለው አሳቁብኝ። ቂሜን ያዝኩ።

በሚቀጥለው እትም ፕሮግራሙ «እጅግ ከባድ» ያለውን መርጬ ከላዩ «ለልጆች» ብዬ ጻፍኩበት። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ የመሥሪያ ቤታችንን እንግዶች ዓሣ ስንጋብዝ አለቃችን መጽሔቱን ዘርግተው እስክሪብቶ አወጡ። ሞሉ፣ ሰረዙ፣ እንደገና ሞሉ። ዓሣቸው ቀዘቀዘ። እንግዶቹ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

«ኮምፒዩተሩ ሳይሳሳት አልቀረም» አሉኝ በመጨረሻ።

«አልተሳሳተም ጋሼ፤ የእህቴ ልጅ ትናንት ጨርሳዋለች» አልኳቸው።

እህት የለኝም።