ያልሰጠሁት ድጋፍ

በአደባባይ እንቢ ያልኩትን «እሺ ብሏል» አሉብኝ። በደሌ ይሄ ነው።

በሰው አገር፣ ክሪስታል የሚባል ከተማ አጠገብ ባለች ከተማ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ከተማው ለፖሊስና ለወንጀል መከላከያ ብቻ የሚውል ሴልስ ታክስ ልጨምር ብሎ ሕዝቡን ለምርጫ ጠራ። ታክሱ የሚሰበሰበው እኔ ከምሸጠው ሳሙናና ለስላሳ ላይ ነው። ከምርጫው በፊት ሐሳብ ስጡ ተባለና ሚቲንግ ሄድኩ። የሱቅ እንግሊዝኛ አለኝ፤ የስብሰባውን ግን አልችለውም። ከተማው የመደበው አስተርጓሚ የቸርቻችን ሰው ነበር። በአማርኛ ተናገርኩ።

«የሱቄን መስታወት ሰብረው ሲገቡ ኮል አደረግሁ። የመጣችሁት ስብርባሪውን ጠርጌ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ፓርኪንጉ ላይ መብራት አድርጉልን ብዬ ለመንኩ፤ ዛሬም ጨለማ ነው። መጀመሪያ ኑ፣ ከዚያ ጠይቁ። እስከዚያ እንቢ!»

ተረጎመ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። የፖሊስ አለቃው ተነስቶ ጨበጠኝ። ደነገጥኩ፤ እንዲህ ተናግሬ ያጨበጨበልኝ ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

ብዙም ሳይቆይ ፎቶዬ ያለበት ወረቀት በየፖስታ ሳጥኑ ገባ። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ሰው አገር፣ ሜፕልዉድ የሚባል ከተማ፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ቀስ ብዬ አነበብኩት። «ተዘርፌያለሁ፤ ስለዚህ ታክሱን እደግፋለሁ» ይላል። አንዲት ደንበኛዬ ሳሙናዋን እያነሳች «አንተ ነህ አሉ የምታስጨምርብን!» አለችኝ።

አስተርጓሚው ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ትንሽ አለስልሼው ነው።»

«ማለስለስ ካማረህ ቤትህ ገብተህ ሥጋ ቀቅል!»

ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው ሱቄ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ እንደ ደንቡ «እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ።

«እንግዲያው ቁሙ።»

«ተው እንጂ ወንድሜ። ደግሞስ ፖሊስ ቢጠናከር ምን ከፋህ?»

«እሱ አልከፋኝም። በእኔ አፍ ማለፉ ነው የከፋኝ። ይቅርታውን እኔ ጆሮ ላይ አይደለም፤ እዚያው ማይኩ ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ ይበለው።»

«ሥራውን ያጣል እኮ!»

«እኔስ ቃሌን አላጣሁም?»

ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል፤ እነሱ ቆመዋል። አንደኛው ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። አላዘንኩለትም። ማዘን ካለባቸው እነሱ ለእኔ ይዘኑ። በመጨረሻ ዕድሜው የገፋው «ይሁን፣ እንነግረዋለን» አለና ወንበሩን ሳበ።

ታክሱ ይለፍ ይውደቅ የመራጩ ጉዳይ ነው። እኔ የፈለግሁት እንቢታዬን ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ሚቲንግ አስተርጓሚው ማይኩን ያዘ። «ያን ቀን የተረጎምኩት እሳቸው ያሉትን አይደለም» ብሎ ጀመረና መስታወቱንም፣ ፓርኪንጉንም፣ እንቢውንም አንድ በአንድ ተናገረ። የፖሊስ አለቃው አቀርቅሮ ሰማ። ከንቲባዋ ወደ እኔ ዞረው «ይቃወማሉ ማለት ነው?» አሉኝ። ይቺን ያለ አስተርጓሚ «የስ!» ብዬ መለስኩላቸው። «ተቃዋሚ ተብሎ ይጻፍ፤ ፎቶውም ከወረቀቱ ይውጣ» አሉ።

ነገሩ የተዘጋው ምርጫው ሳምንት ሲቀረው፣ በእኛ ጥቅምት አሥራ ስምንት ቀን፣ ማክሰኞ ነው።