ጋሼ ያመጣው ካምሻፍት

ሚዛን ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የአውቶ መካኒክ አስተማሪ ነኝ። ከክፍል ስወጣ ደግሞ አማን ባለው ግቢያችን የሰው መኪና እሠራለሁ። ለዚህ ያበቃኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ሸኮ ያለውን የቡና ማሳ ተረከበና እኔን «አንቺ ጨርሺ» ብሎ አስተማረኝ። ጋሼ እለዋለሁ፤ ቃሉንም አልጥስም። የሚያንገበግበኝ ግን እንዳውቅ ያስተማረኝ ሰው የማውቀውን አለመስማቱ ነው።

አሮጌ የቤንዚን ላንድክሩዘር አለው። በለቀማ ወቅት እሸት ቡና ጭኖ በዚያው ቀን ማጠቢያ ጣቢያ ማድረስ አለበት፤ ካደረ ቡናው ይበላሻል። ባለፈው ዓመት ለቀማው ሳይጀመር «ዳገት ላይ አቅም አነሰው» አለኝ። ከፈትኩት። ካምሻፍቱ ተበልቷል። ካምሻፍት ማለት ሞተሩ ውስጥ የሚዞር፣ ጉብታ ጉብታ ያለው ዘንግ ነው። ጉብታው ታፔት የምንላትን ድፍን ብረት ይገፋል፣ እሷ ቫልቩን ታስከፍታለች፣ ሞላው ደግሞ መልሶ ይዘጋዋል። ሦስቱ ካልተስማሙ ሞተር የለም። ምን ምን መግዛት እንዳለበት በወረቀት ጻፍኩለት።

በሳምንቱ ከመናኸሪያ አንድ ካርቶን ታቅፎ መጣ። ወረቀቴን ትቶ አዲስ አበባ ላለ ዕቃ ሻጭ ደውሎ ነበር።

«የውድድር መኪና ካምሻፍት ነው። ሞላውም ድርብ ነው» አለኝ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጉልበት የሚሰጠው በከፍተኛ ዙር፣ ሞተሩ ሲጮህ ነው። አንተ ደግሞ ኩንታል ቆልለህ በአንደኛ ማርሽ ነው የምትወጣው። ታች ያለህንም ጉልበት ይወስድብሃል።»

«ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ ሲሸጥ የኖረ ነው።»

«ሸጠ እንጂ መቼ ገጠመ?»

«አንቺ ደግሞ ከመጽሐፍ ነው የምታወሪው።»

መጽሐፉን የገዛልኝ እሱ ነው!

በዚህ አላበቃም። ታፔት አልገዛም። «የድሮዎቹ ያብረቀርቃሉ፣ ምን ሆኑ?» አለ። ከአሮጌዎቹ ሁለቱን ፊት ለፊት አጋጥሜ ወደ ፀሐይ አሳየሁት። የደህና ታፔት ፊት ዓይን በማይለየው መጠን ጎበጥ ያለ ስለሆነ ሁለቱ ሲጋጠሙ በዳር በኩል ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ሥራ ላይም እየተሽከረከሩ ነው የሚሠሩት። የሱዎቹ መሃላቸው ጎድጉዶ፣ ዳራቸው ጥርቅም ብሎ ገጠመ። «አሮጌ ታፔት አዲስ ካምሻፍት ላይ ከገባ በአንድ ቀን ይበላዋል» አልኩት። ሄደና ቴፒ ካለ አንድ የፈረሰ ሞተር ላይ የወለቁ አሥራ ሁለት ታፔቶች በፌስታል ይዞልኝ መጣ። «እነዚህ እኮ ሌላ ናቸው» ይለኛል! መለስኳቸው። አዲሶቹ እስኪመጡ ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን።

በመጨረሻ የውድድሩን ካምሻፍት ልግጠም ብዬ እሺ ያልኩት ታላቄ ስለሆነ ነው። ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ አልነበረም። ለመጀመሪያው ማስነሻ ብቻ ከድርቡ ሞላ ውስጠኛውን አወጣሁ፤ አዲስ ጉብታ ያን ሁሉ ጫና አይችልም። እያንዳንዱን ጉብታና ታፔት ወፍራም ቅባት ቀባሁ። ከዚያ ለጋሼ ቃል በቃል ነገርኩት። «ሞተሩ ከተነሳ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ከፍ ባለ ዙር ይሠራል። ሚኒሞ ላይ እንዳታወርደው፤ ቀስ ብሎ ሲዞር ዘይት ወደ ካምሻፍቱ አይረጭም። ችግር ካለ አጥፋው እንጂ አታውርደው።»

«እሺ፣ ሕፃን አደረግሽኝ እንዴ?»

በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ግቢው በጩኸት ተሞላ። ጋሼ ነዳጅ መስጫውን በእጁ ይዞ ቆመ፣ እኔ ሙቀቱን እከታተላለሁ። አምስት ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ውሃ ላመጣ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ባልዲው ሳይሞላ ጩኸቱ ወረደ። ዞር ስል ጎረቤታችን ሽማግሌው አባባ ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ ጋሼ ከሳቸው ጋር እየተሳሳቀ ነው፤ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ዱግ ዱግ ይላል።

«ጋሼ! ነዳጅ ስጥ! ወይ አጥፋው!»

መዳፉን ዘርግቶ ቆይ አለኝ። «ሽማግሌ እያናገርኩ አይደል?»

ባልዲውን ጥዬ ሮጥኩ፣ ገፍቼው ነዳጅ ሰጠሁ። ሽማግሌው ደንግጠው ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ከሞተሩ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ጀመረ። አጠፋሁት። ዘይቱን ስቀዳው በብረት ብናኝ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ካምሻፍቱን ስናወጣ ሁለቱ ጉብታዎች ድቡልቡል ሆነዋል።

ጋሼ አገላብጦ አየውና «ብረቱ ደካማ ነው» አለ።

በሕይወቴ ጮኼበት የማላውቀውን ሰው ያን ቀን ጮኽኩበት። «ታዲያ ለምን አስተማርከኝ? ላትሰማኝ ለምን አስተማርከኝ?» አልኩት። እጁን ሳይታጠብ ወጥቶ በሚኒባስ ወደ ሸኮ ሄደ።

በማግሥቱ ሽማግሌውን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። «እንግዳ ላክብር ብሎ ነው እንጂ፣ አባባ፣ ሞተሩን ማውረድ አልነበረበትም» ብዬ ጀመርኩ።

አባባ ሳቁና በቤንችኛ ቅላፄያቸው መለሱልኝ። «እኔ እኮ አልፌ ልሄድ ነበር። ወንድምሽ ነው የጠራኝ። ‹ይምጡ፣ የውድድር መኪና ድምፅ ላሰማዎት› አለኝ። ጩኸቱን ደግሞ ቀነሰና ‹ይሄን ዱግ ዱግታ ይስሙ› አለኝ።»

እኔ ሌሊቱን ሙሉ፣ ይሉኝታ ይዞት ነው፣ ሽማግሌ ማሳዘን አልፈለገም እያልኩ ሳዝንለት አድሬ ነበር። ለካ ጉራውን ሊያሳይ ነው!

ጋሼ ለዘጠኝ ቀን አልደወለም። በአሥረኛው ቀን አዲስ መደበኛ ካምሻፍት፣ አሥራ ሁለት አዲስ ታፔትና ነጠላ ሞላ ከጅማ ይዞ መጣ። አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደራቸው። ሁሉም ወረቀቱ ላይ የጻፍኳቸው ናቸው። ሁሉንም ገጠምኩ። ሞተሩን ሳናስነሳ የግቢውን በር በቁልፍ ዘጋሁ። ሃያ ደቂቃውን ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል ቆመ።

ለቀማው ሲጀመር ከዳገቱ አናት ደወለልኝ።

«ወጣ» አለ።

«ሙቀቱስ? ዘይቱስ?»

«ደህና ነው፣ ደህና ነው። ስሚ፣ ፍሬኑ ግን ላላ ብሎኛል። ቴፒ አንድ ሰው ስለ ከባድ መኪና ፍሬን እያወራኝ ነበር፤ ከእኔ መኪና ጋር ይገጥማል አለኝ...»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።