ኡኬ ገበያ መሐል በሆዴ የተኛሁ ቀን

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ በበጋ ወር ነው። ዓመታት አልፈውታል፤ ሰሞኑን ግን ነቀምቴ ውስጥ ተራራ ሊወጡ የተዘጋጁ ወጣቶች አየሁና ትናንት የሆነ ያህል ትዝ አለኝ። የአንዱ ቦርሳ ጀርባ ላይ የፀሐይ ኃይል የሚሰበስብ ሰሌዳ ተለጥፏል። «አባባ፣ እየሄድኩ ስልኬን ይሞላልኛል፤ አዲስ ፈጠራ ነው» አለኝ። አዲስ! እኔ እንዲህ ያለውን ቦርሳ በገዛ እጄ ሰፍቼ ስሸከም የዚህ ልጅ አባት ገና ሱሪ አልታጠቀም ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ሬዲዮ መጠገን ያስተማሩኝ ራሳቸው የተበላሹት ሬዲዮዎች ናቸው። በነቀምቴ ሰፈሮች፣ በቡርቃ ጃቶም ሆነ በበከኒሳ ቀሴ፣ እኔን ያቃተኝን ሬዲዮ ሌላ ሰው ሠርቶት አያውቅም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ያን ጊዜ የባትሪ ድንጋይ ጠፍቶ ነበር። ሰው ያለቀበትን ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጣ፣ ሲብስበትም በጥርሱ እየነከሰ ዜና ሊሰማበት ይታገላል። ታዲያ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ አናጺ ዛሬ ሶላር የምትሉትን ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ትቶልኝ ሄደ። ማዕዘኗ ተሰንጥቋል። ሌላ ሰው ቢሆን ግድግዳ ላይ ይሰቅላት ነበር። እኔ በወታደር ሸራ ቦርሳ ጀርባ ላይ በሲባጎ ሰፋኋት። ሽቦዋን በትከሻዬ አሳልፌ ደረቴ ላይ ካንጠለጠልኳት ትንሽ ሬዲዮ ጋር አገናኘሁ። ፀሐይ ጀርባዬን ስትመታ ሬዲዮዋ ያለ ድንጋይ ታወራለች።

ሥራዬ ከነቀምቴ በስተሰሜን ወዳለው አንገር ቆላ በእግሬ እየወረድኩ በየገበያው ሬዲዮ መጠገን ነበር። ሲመሽ ሸራዬን ወጥሬ ሜዳ ላይ አድራለሁ። በበጋ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ፀሐይን ቀኑን ሙሉ በጀርባው ነው የሚያገኛት። ይህንንም ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

በዚያ ቀን ረፋድ ላይ በዚሁ መንገድ ካለችው ከኡኬ ከተማ ኬላ ስደርስ ደረቴ ላይ ዘፈን ይጮኻል። ደበላ የሚባል ሚሊሻ ጠመንጃውን ወደ እኔ አዞረ።

«ቁም! ጀርባህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ፀሐይ ነው የምሰበስብበት» አልኩት። ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር።

በአካባቢው ሽምቅ ተዋጊዎች ይንቀሳቀሳሉ ይባል ስለነበር ሰው በሰው አይተማመንም። ደበላ ከኋላዬ ሆኖ አፈሙዙን ወገቤ ላይ ደገነ። ወዲያው ሬዲዮዋ ዝም አለች። እኔም ደነገጥኩ።

የገበያ ቀን ስለነበር የቀበሌው ሊቀመንበር በአንድ የጉራጌ ነጋዴ፣ በሸምሱ፣ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ደበላ እየነዳ ወስዶ ከበረንዳው ፊት ለፊት፣ ሜዳው ላይ አቆመኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የመገናኛ ሬዲዮ ይዞ አገኘሁት። ገና ከኋላው ስሆን አጠፋው» አለ።

«ከማን ጋር ነው የምትነጋገርበት?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ከማንም ጋር አልነጋገርም። እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። ኃይሏን የምታገኘው ከፀሐይ ነው፤ ድንጋይም የላትም።»

ሸምሱ ቀረብ ብሎ የሬዲዮዋን ክዳን ከፈተ። «ወላሂ ባዶ ናት» አለ።

ሊቀመንበሩ ኮስተር አለ። «ፀሐይ ናት የምታናግራት ካልክ፣ እዚሁ አናግራት። ካልሆነ ከሰዓት በኋላ በሚነሳው የጭነት መኪና ታስረህ ወደ ነቀምቴ ትላካለህ።»

በዚያ ዘመን «የመገናኛ ሬዲዮ ይዞ ተያዘ» ተብሎ የተላከ ሰው ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ቤቴ ነፍሰ ጡር ሚስት ነበረችኝ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ዝም። ሽቦውን በጣቴ ተከትዬ ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። እንደገና አዞርኩ፤ አሁንም ዝም። ገበያተኛው ሥራውን ትቶ ከበበኝ።

«መስታወት ተሸክሞ ሬዲዮ የሚሰማ ከሆነ እኔም የመስኮቴን ልንቀልና ልሸከማ!» አለ ሸምሱ። ሰዉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። የሠራሁት ነገር እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ምክንያቱን ፈለግሁ። ዓይኔ መሬት ላይ ወደቀ። ከፊቴ የእኔ ጥላ ብቻ መታየት ሲገባው የብዙ ሰው ጭንቅላት ተደራርቦ አየሁ። ገባኝ። ደበላ ከነጋቢው፣ ሕዝቡም ከኋላው ሆነው ፀሐዬን ከልለውብኛል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰዉን ከኋላዬ ያርቁልኝ። ደበላም ወደ ፊቴ ይምጣ።»

«መንገድ ክፈቱልኝና ልሩጥ ነው የምትለው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እስረኛ ከፊት፣ ጠባቂ ከኋላ!» አለ ደበላ። «እኛ እንዲህ ነው የተማርነው።»

«እንግዲያው ቦርሳውን ላውርደውና ፀሐይ ላይ...»

«እንዳትነካው! ፈንጂ ይሆናል!» አለ ደበላ።

ቆሜ ብከራከር እንደማልረታ አየሁ። እኔ ለባላባትም ለካድሬም አጎንብሼ የማላውቅ ሰው ነኝ። የለበስኩትም ሚስቴ የተኮሰችውን ካኪ ነበር። ግን መሥራቷን ሳላሳይ ከዚያ ሜዳ አልሄድም አልኩ። ተንበረከክኩ፤ ከዚያም ሰሌዳዋ ሽቅብ ሰማዩን እንድታይ በሆዴ አፈሩ ላይ ተዘረጋሁ።

«ሊያፈነዳው ነው!» ብሎ ደበላ ጮኸ።

ገበያው ተበተነ። ሴቶች ቅቤያቸውን ጥለው ሮጡ፤ ሸምሱ ሱቁ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ደበላ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሰማሁት። አፌ አፈር ሞላ። አልተነሳሁም። ሬዲዮዋን ከደረቴ ሥር ቀስ ብዬ አውጥቼ ወደ ፊት ገፋ አደረግኋት። ከኋላዬ አንድም ሰው አልቀረም። ፀሐይዋ ጀርባዬ ላይ አረፈች።

ሬዲዮዋ መጀመሪያ ተንኮሻኮሸች። ከዚያ በዚያ ጭር ባለ ገበያ መሐል የኦሮምኛ ዘፈን ለቀቀች።

ሊቀመንበሩ ከበረንዳው ወርዶ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ሰሌዳዋ ላይ ደፋ፤ ዘፈኑ ቆመ። አነሳው፤ ቀጠለ። ደፋው፤ ቆመ። እንደ ሕፃን ደጋግሞ ሞከረው።

«ዱጋ ዳ! እውነቱን ነው!» አለ በመጨረሻ። ደበላም ጠመንጃውን አወረደ።

ሰዉ አንድ በአንድ ተመለሰና እንደገና ሊከበኝ ሲል፣ ማን ቢቆጣ ጥሩ ነው? ደበላ! «ወደ ኋላ! ጥላ እንዳትጥሉበት!» እያለ በሰደፍ ይገፋቸው ጀመር።

ልነሳ ስል አዮ ጫልቱ የሚሏት አሮጊት ቅቤ ሻጭ ጮኸች። «ሂን ከኢን! አትነሳ ልጄ! ሬዲዮ ከሰማን ስንት ጊዜያችን ነው፣ ዘፈኑን አስጨርሰን!»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። «የሕዝብ ጥያቄ ነው፣ ጓድ። ተኛ።»

ዘፈኑ አለቀ፤ ሌላ ተከተለ፤ ቀጥሎ ዜና መጣ። ኡኬ ሁሉ ቁጢጥ ብሎ በእኔ ጀርባ ዜና ሰማ። ደበላ ውሃ በጣሳ አምጥቶ አጠጣኝ፤ ሲያጠጣኝም ጥላው እንዳያርፍብኝ ከፊቴ ተቀምጦ ነው። የጭነት መኪናው ያለ እኔ ሄደ። ሸምሱም ያን ቀን ምሳ ጋበዘኝ።

ይህን ስተርክ «ያን ሁሉ ሰው እያየህ መሬት ላይ መተኛትህ አላሳፈረህም?» የሚሉኝ አሉ። የሚያሳፍረኝስ የሚሠራ ነገር ተሸክሜ፣ ካኪዬ እንዳይቆሽሽ ብዬ፣ ቀጥ ብዬ እንደቆምኩ ብታሰር ነበር። ዛሬም እንደዚያ ያለ ቀን ቢመጣ እተኛለሁ። መነሳቱ ላይ ግን ሰው ሳያስፈልገኝ አይቀርም።