መምህር ይማም ተምች አላረቡም

ጎረቤቴ መምህር ይማም ወደ አኼራ ተሻግረዋል። በየአገሩ ያላችሁ ተማሪዎቻቸው፣ ያልሰማችሁ ካላችሁ አላህ ያጽናችሁ። ከመርዶው ጋር ግን አንድ በደል አብሮ ይጻፍልኝ፦ መምህር ባልሠሩት ጥፋት ይቅር፣ አውፍ ተብለው ተቀበሩ።

እዚህ ከሚሴ ጀናዛ ከግቢ ሳይወጣ «ሟች ያስቀየሙት ካለ አውፍ ይበል» ይባላል። ሁሉም «አውፍ ብለናል» አለ። የጓሮ ጎረቤታችን አወል ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «የተምቹንም አውፍ ብለናል» ሲል ጨመረ። እኔ ከሴቶቹ መሐል «የምን ተምች?» ብዬ ጮህኩ። «ዝም በይ፣ ጀናዛ ነው» አሉኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ዝም ማለቱ ራሱ ደከመኝ።

መምህር ጡረታ ከወጡ በኋላ የጓሯቸውን ጥግ ሣር አያሳጭዱም ነበር። የአንዲት ትንሽ ቡናማ ቢራቢሮ ቤት ነው። እኔ ልብስ የሚበላ ብል መስላኝ በነጠላዬ ልመታት ስል «ኧረ እትዬ ዘይነብ፣ እንግዳ አይመታም!» ብለው አስቆሙኝ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው አሳዩኝ። ጭንቅላቷ ትልቅ፣ ገላዋ ድንቡሽ ያለ፣ የቀንዷ ጫፍ እንደ መንጠቆ የታጠፈ። ስታርፍ የኋላ ክንፎቿን ትዘረጋለች፤ የፊቶቹን ከፍ ታደርጋለች። ስትነሣ እንደሌሎቹ አትንሳፈፍም፤ ትስፈነጠራለች። «ዘላይ ቢራቢሮ» ይሏት ነበር።

ትሏንም አሳይተውኛል። የሣር ቅጠል ጠቅልላ በክሯ ትሰፋና ውስጡ ትደበቃለች። «ይቺ ቀጭን አንገት አላት፤ ተምች እንዲህ ያለ አንገት የለውም። ተምች በመንጋ ይዘምታል፤ ይቺ ቤቷን ሰፍታ ብቻዋን ትቀመጣለች፣ እንደኔ እንዳንቺ» ብለው ሳቁ።

ዘንድሮ በጨፋ ሜዳ ማሽላ ላይ ተምች ወረደ። አወል ከመምህር ሣር ላይ ትል አገኘና «ለካ እዚህ ነው የሚረባው!» ብሎ ጎረምሶች ጠራ። ሣሩን አጨዱት፤ ሥሩ ላይ መድኃኒት ረጩበት። መምህር ታመው ተኝተዋል፤ በራቸውን ያንኳኳ የለም። የአወልን ልጆች ፊደል ያስቆጠሩ እርሳቸው ናቸው! በመስኮት አይተው «ቢጠይቁኝ አሳያቸው ነበር» አሉ።

ከቀብሩ በኋላ አወልን ባገኘሁበት ሁሉ፣ ገበያም ባጃጅ ውስጥም፣ ያዝኩት። «መምህርን አውፍ አልክ። አንተን ማን አውፍ አለህ?»

«እማማ፣ አሁንስ አይበቃም?»

«ሐቅ ይበቃል እንዴ!»

መጠየቁን ልተው ስል፣ ሳልጠራው ቤቴ መጣና የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሳይሞቱ አውፍ በሉኝ ልል ሄጄ ነበር እማማ። ሰው እንዳያየኝ በጓሮ ገባሁ። ተምች እንዳልሆነ ነገሩኝ፤ ወላሂ አመንኳቸው።»

«ታዲያ ጀናዛው ላይ ምን አስለፈለፈህ?»

«ሰዉን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። በሁሉ ፊት ተሳስቻለሁ ማለት አቃተኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁን በምትጽፊው መርዶ ላይ ጻፊው። ስሜንም ጻፊው።»

ይኸው ጽፌዋለሁ።

መምህር፣ ደህና ይሁኑ። አላህ ቀብርዎን ሰፊና ብርሃን ያድርገው። ይቺን ደጋግማ የምትጠይቅ ጎረቤትዎን እርስዎም አውፍ ይበሏት። አወል አውፍ በሉኝ ሲልዎት ምን እንዳሉት ጠይቄዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ፦ «የእኔን አውፍ ብዬሃለሁ። የቢራቢሮዎቹን ግን እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?»