ፌስታል ያለበስኩት ሞተር

ሰው የማያውቀውን ነገር አላውቅም ቢል ምላሱ አይቆረጥም። ከመካኒሳ እስከ ሀይሌ ጋርመንት ባለው መንገድ ዳር ግን አላውቅም የሚል ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ካቻቢቴ የጨበጠ ሁሉ መሐንዲስ ነው። ይህን የምለው ጎፋ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው። እኔ የጠገንኩት ሬዲዮ ባለቤቱን ቀብሮ ለልጅ ልጁ ያወራል። ዛሬ ዛሬ ቴሌቪዥን የሚያስጠግን ሰው ጠፋ፤ ሲበላሽ አዲስ ይገዛል። እኔም ሱቄን ዘግቼ ቤት ዋልኩ። እጄ ሥራ ፈታ፤ አፌ ግን አልፈታም።

ልጄ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ይዛ ግቢ የገባች ዕለት ከልቤ ሳቅኩ። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፣ ማርሽ የለው!

“ይሄማ ጎማ ያለው ፍሪጅ ነው” አልኳት።

“አባዬ፣ እንጀራዬ ነው፤ አትሳቅበት” አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ እንጀራዋ ነበር። ከሀይሌ ጋርመንትና ከመካኒሳ አቦ አካባቢ ካሉ ትናንሽ ክሊኒኮች የደም ናሙና በበረዶ ሳጥን ትሰበስባለች፤ ከዚያ ዳገቱን ወጥታ ጎፋ ላለ አንድ ላብራቶሪ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ታስረክባለች። ካረፈደች ናሙናው ይበላሻል፣ በሽተኛው እንደገና ይወጋል። ዲግሪዋን ይዛ ሦስት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆማ ቆማ ያገኘችው ሥራ ይሄ ነው። ጠዋት ስትወጣ ስታፏጭ እሰማት ነበር፤ ከዚያ በፊት ከልጅነቷ ጀምሮ ስታፏጭ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የሞተሩን መቀመጫ ገልጬ ውስጡን አየሁ። ከሥሩ ኮንትሮለር የሚሉት የአሉሚኒየም ሳጥን አለ፤ የባትሪውን ኃይል እየመጠነ ወደ ጎማው የሚለቀው እሱ ነው። ጀርባው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርስ አለው። ራቁቱን ተቀምጧል! ጎማው የሚረጨው ውሃ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። ይህን የሠራው ሰው የአዲስ አበባን ክረምት አይቶ አያውቅም አልኩ።

እኛ ቤት ደግሞ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ እንደተጠቀለለ አሥር ዓመት ኖሯል። የፍሪጁ በር የፋብሪካ ላስቲኩ እስከ ዛሬ አልተላጠም። ሶፋው ላይ እንግዳ ሲቀመጥ ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል፣ እንግዳውም ዕቃ የሚጠብቅ ቤት መግባቱን ያውቃል። ስለዚህ ሁለት ወፍራም ፌስታል ደርቤ ኮንትሮለሩን ጠቀለልኩት፤ ዙሪያውን በጥቁር ናስትሮ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ውሃ ቀርቶ ኃጢአት አይገባውም ነበር።

ልጄ ቆማ ስታየኝ ቆየችና “አባዬ፣ መመሪያው ላይ አትሸፍኑት የሚል ያለ መሰለኝ” አለች።

“መመሪያ ያነበበ ሁሉ ጠጋኝ ቢሆን ኖሮ እኔ በምን አሳድግሽ ነበር?” አልኳት።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ዝናብ እያካፋ፣ የጎፋን ዳገት ስትወጣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ፤ ከጎኑ አንድ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል። ሞተሩ እየደከመ ሄዶ ቀጥ አለ። ደወለችልኝ። ቴስተሬን ይዤ በታክሲ ስደርስ የሠፈር አዋቂ ሁሉ ከብቧታል። አንዱ “አጋድሙትና መልሳችሁ አንሱት” ይላል። ሌላው፣ ጢሙ የሸበተ ትልቅ ሰው፣ “ቤንዚን አልቆበት ይሆናል” አለ። ቤንዚን! ወይ ጉድ! ሁሉንም በትኜ ሥራዬን ጀመርኩ። ፌስታሉን ፈታሁ፤ ማገናኛዎቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ በጨርቅ ጠረግኩ፤ እፍ አልኩባቸው፤ በቴስተር ለካሁ። አንድ ሰዓት ፈጀ። መልሼ ገጥሜ ቁልፉን ስታዞረው ቀዩ ምልክት የለም።

“ውሃ ገብቶበት ነው” አልኩ፣ የከበበው ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ሦስተኛ ፌስታል ጨመርኩበት።

አሁን ሳስበው በዚያ አንድ ሰዓት ለዕቃው የሰጠሁት ነገር ቢኖር እረፍት ብቻ ነው። ሲከፈት ነፋስ አገኘ፤ ነፋስ ሲያገኝ በረደ፤ ሲበርድ ተነሣ። እኔ ግን ያዳነው እጄ መሰለኝ። ናሙናው አርፍዶ ደረሰ፣ ላብራቶሪውም ለልጄ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ጻፈላት።

ለሁለተኛ ጊዜ የቆመው እዚያው ዳገት ላይ ነው። እንደገና ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ እፍ ብዬ አስነሣሁት። ናሙናው እንደገና አረፈደ። ያኔ የላብራቶሪው ኃላፊ “አንድ ቀን ደግመሽ ካረፈድሽ መስመሩን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን” አላት። ይህን ስትነግረን ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ምሳዋን ግን አልነካችም።

እናቷ “ኧረ በማርያም፣ የሚያውቅ ሰው ፈልግላት” አለችኝ። የሚያውቅ ሰው! እኔ ፊቷ ቁጭ ብዬ!

ቢሆንም መካኒሳ አንድ ጋራዥ አለ ተባልንና ሄድን። መካኒኩ ጎልማሳ ነው፤ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ጆሮውን ሞተሩ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ድምፅ የሌለውን ዕቃ!

“ጋሼ፣ ሲስተሙ ነው” አለኝ።

“የቱ ሲስተም?”

“አጠቃላይ ሲስተሙ።”

ኤዲያ! ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ጎረጎረና ባትሪው ሊሞት ነው አለ። ትንሽ ቆይቶ ባትሪውን ከሞት አስነሣና የፍሬኑ ሽቦ ነው አለ። የሚያውቀውን በሽታ ሁሉ ቆጠረልን፤ የቀረው ጨጓራ ብቻ ነበር። መቀመጫውን ከፍቶ የእኔን እሽግ ሲያይ ግን ፊቱ በራ። “ይሄን ያሰረው ሰው ባለሙያ ነው” አለ። ፈትቶ ነካካና ከራሱ ናስትሮ ጨምሮ መልሶ አሰረው። ከዚያ ሁሉ ወሬው እውነቱ ይቺ ብቻ ናት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ዕለት አዲስ ማገናኛ ልንገዛ ሀይሌ ጋርመንት ወደሚገኝ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ሄድን። ልጄ እየነዳች፣ እኔ ከኋላ ተፈናጥጬ። ባለሱቋ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሂጃብ ለብሳለች፤ ስትናገር አትቸኩልም። የምንፈልገውን ስንነግራት ሲቆም ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠየቀችን፤ ልጄ ነገረቻት። ሴትየዋ ወጥታ መቀመጫውን አስከፈተች።

“አባባ፣ ይሄ ቁጥር የሙቀት ነው” አለችኝ። “ላስቲኩን አንሱለት፤ ሌላ ምንም አይፈልግም። ማገናኛውንም አይግዙ።”

ሱቁ በር ላይ አራት አምስት ሰው ቆሟል። ሰው ባይኖር ኖሮ ምናልባት እሰማት ነበር። “ልጄ፣ አንቺ ዕቃሽን ሽጪ” አልኳት። “እኔ ቴሌቪዥን ስፈታ አንቺ አልተወለድሽም። በሐምሌ ብርድ የምን ሙቀት ነው? እኛ ካፖርት ለብሰን እየተንቀጠቀጥን፣ ብረቱን ሞቀው!” ሰዎቹ ሳቁ። ሰው ከሳቀልኝ ደግሞ ማቆም አልችልም፤ “ማራገቢያም ካለሽ ሽጪለት” ብዬ ጨመርኩ።

አልተቆጣችም። ወደ ልጄ ዞራ “እህቴ፣ ነይ እስቲ እጅሽን እዚህ አሳርፊ” አለቻት። ልጄ እጇን ፌስታሉ ላይ አሳረፈች፤ ወዲያው አነሣችው። ቀና ብላ አየችኝ።

“እንሂድ” አልኳት። ማገናኛውን ግን ገዛሁ፤ ሳልገዛ ብወጣ የተሸነፍኩ ይመስላል። ቤት ስንደርስ ስለዚያች ሴት “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” እያልኩ ለእናቷ ተረትኩ። ልጄ አልሳቀችም።

ሰኞ ማለዳ እሷ ሳትነሣ እንደ ልማዴ ሞተሩን ልፈትሽ ወጣሁ። መቀመጫውን ስከፍት ኮንትሮለሩ ራቁቱን ነው። ፌስታሉ በሥርዓቱ ተጣጥፎ ከጎኑ ተወሽቋል። ማን እንደፈታው ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገኝም። ደሜ ፈላ። ዕቃ የምትሸጥ ሴት ከአባቷ በለጠችባት! ከወጥ ቤት አራት አዳዲስ ፌስታል አመጣሁ፤ አንድ ሙሉ ጥቅል ናስትሮ ጨረስኩበት። መቀመጫውን መልሼ ዘጋሁና ገብቼ ተኛሁ። ቀን ደህና ውላ ስትመለስ እናቷ ፊት መቀመጫውን ገልጬ ላሳፍራት ነበር ሐሳቤ። “አየሽ፣ ታሽጎ ነው የዋለው!” የምላትን ሁሉ ተኝቼ አሰናዳሁ። ስትወጣ ታፏጭ ነበር፤ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ሰማኋት።

ያን ቀን አልደወለችልኝም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ዶፉ እየወረደ፣ ሞተሩን እየገፋች ግቢ ገባች። በበረንዳው ጠርዝ ቆሜ ጠበቅኳት። የበረዶ ሳጥኑ ከኋላዋ የለም፤ ላብራቶሪው ተረክቦታል። ሞተሩ ጭራሽ አልነሣ ብሏት ከዳገቱ ወገብ ጀምራ እየገፋች ሰባት ሰዓት ላይ ደርሳ፣ እዚያው በር ላይ አሰናብተዋታል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ዓይኗን ሞተሩ ላይ አድርጋ ነው፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር።

ከዚያ ከጃኬቷ ኪስ የተኮማተረ ነገር አወጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ፌስታሎቼ ናቸው። ቀልጠው አንድ ላይ ተጣብቀዋል፤ የኮንትሮለሩ ጥርስ መስመር በመስመር ታትሞባቸዋል። የእኔ ናስትሮ ጫፉ አሁንም እንደታጠፈ ነው፤ እንዲያ የማጥፈው እኔ ብቻ ነኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ፤ እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ኖሮ ሠፈሩን ሁሉ እሰበስብ ነበር።

እናቷ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። “ውይ በሞትኩት! አሁን ደግሞ ምን ሆኖ ነው?”

እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ ፌስታሉንም አብሬ።

“ዝናብ ገብቶበት ነው” አለች ልጄ። “አባዬ ተጠንቀቂ ብሎኝ ነበር።”

እናቷ ወደ እኔ ዞረች። “ነግረሃት ነበር?”

“ነግሬያታለሁ” አልኩ።

“ታዲያ ምናለ አባትሽን ብትሰሚ!” ብላ ተቆጣቻት። “ልምድ ያለው ሰው ሲናገር ምናለ ብትሰሚ!”

“ልክ ነሽ፣ እማዬ” አለች ልጄ፤ ጫማዋን በረንዳው ላይ አውልቃ ገባች።