ጋላክሲውን የከበበው ሙቀት

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ስሠራ ከሳምንታዊው የውይይት ክበብ መቅረት አይቻልም ነበር። ጋዜጠኛም ብሆን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ እገኝ ነበር። ተራ የደረሰው ያስረዳል፤ ቀጥሎ ሂስ ይቀርብበታል፤ የተነቀፈው ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል። መልሱ ያላማረ ሰው ከሥራው ሊነሣ ይችል ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ተራው የአንድ የፊዚክስ መምህር ሆነ። ስለ ታላላቅ ጠመዝማዛ ጋላክሲዎች ተናገረ። ከዋክብቱ እንደ ሰፌድ ተዘርግተው ይዞራሉ፤ ሰፌዱን ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ ከሩቅ የከበበ፣ እጅግ የሳሳና እጅግ የጋለ ጋዝ መኖር አለበት አለ። እንዲገባን ብሎ፣ «በጣና ደሴቶች ገዳማት ሥዕል ላይ በቅዱሳን ራስ ዙሪያ እንዳለው ብርሃን» ሲል ጨመረ።



«ጓድ መምህር፣ ይህን ጋዝ ያየው አለ?» አለ የክበቡ ሊቀመንበር።

«እስካሁን የለም።»

«ያልታየ ነገር፣ ያውም በቅዱሳን ምሳሌ! ይህ ቁስ አካልን የሚክድ ሃሳባዊነት አይደለም?»

መምህሩ ላቡን ጠረገ። ቃሉን ቢያጥፍ ነገ ተማሪዎቹ ፊት ምን ብሎ ይቆማል? ባያጥፍ ደግሞ እንጀራው ነው።

«ምሳሌዬን አነሣለሁ» አለ። «ጋዙን ግን አላነሣም። ከጋላክሲያችን ሰፌድ በላይ ርቀው የሚገኙ ደመናዎች ታይተዋል። ዙሪያቸው ባዶ ቢሆን ኖሮ ይበተኑ ነበር። የሚጫናቸው ነገር አለ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ውስጥ አረፋው የማይበተነው ውሃው ስለሚጫነው አይደል?»

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መካኒክ ከኋላ፣ «ጋዙስ እንደ ወንዛዬ ለወገብ ሕመም ይሆናል ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሙቀቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ዲግሪ ነው፤ ግን ከመሳሳቱ የተነሣ እጅህን ብትከት አያሞቅህም። አንተ ወገብህን ይዘህ ወንዛዬ ሂድ!»

ሁላችንም ሳቅን። ሊቀመንበሩ አልሳቀም።

«ጋላክሲያችን ብለዋል። እኛንም ከቦናል ማለት ነው?»

«የእኛም ጠመዝማዛ ናት። ጋዙ ካለ ከነጣናው፣ ከነፀሐይዋ ውስጡ ነን።»

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ የጣሪያውን ቆርቆሮ ተመለከተ። ቁጣ አላየሁበትም።

«የሚጫን ከሆነ ቁስ አካል ነው» አለ በመጨረሻ። «ሂሱ ተነሥቷል።»

ሌላ ጊዜ ስብሰባው ሲያልቅ ወደየቤታችን እንሮጥ ነበር። የዚያን ቀን ማንም አልሄደም። መምህሩን ከመካከል አድርገን ሐይቁ ዳር ቆምን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ደመና እንኳ የለበትም። ሁላችንም ወደ ላይ እናይ ነበር።